የወንጂ ሆላንዳዊ አያት ፍለጋ፦ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት

«አያቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠራ ሆላንዳዊ ነው፤ ዘመዶቹን ፍለጋ ልሄድ ነው፣ እዚያ ስደርስ የት ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ቲኬቱን ለጊዜው ተይው። የኔም እናት የወንጂ ልጅ ናት፤ አባቷ ፋብሪካው ኤች ቪ ኤ በሚባለው የሆላንድ ኩባንያ እጅ ሳለ መካኒክ ነበር። ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ታገሺኝ።

1. መጀመሪያ የነዋሪነት ካርዱን አስወጪ። ሆላንድ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1939 ገደማ ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ ማዘጋጃ ቤት ካርድ ነበረው። ከ1994 በፊት የሞተ ሰው ካርድ ዘ ሄግ ያለው የቤተሰብ ታሪክ ማዕከል፣ ሲቢጂ የሚሉት ዘንድ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ከሞተ ከኮምፒዩተር የወጣ ዝርዝር ነው የሚሰጡሽ፣ መረጃውም ያንሳል። ስሙና የትውልድ ቀኑ ካለሽ ከቤትሽ ሆነሽ በጥቂት ዩሮ ታዣለሽ። ወላጆቹ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የኖረባቸው አድራሻዎች በታይፕ ተመትተው ይመጡልሻል። የኔ አያት የትውልድ ቦታ ሱራባያ ይላል፤ ለካ ሰውዬው ኢንዶኔዢያ፣ ጃቫ ደሴት ነው የተወለደው! ኤች ቪ ኤ እኮ መጀመሪያ እዚያ ነበር የሚሠራው፤ ኢንዶኔዢያ ከሆላንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው ፊቱን ወደኛ ያዞረው። ከአድራሻዎቹ አንዱ መስመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል አለ፣ ከነቀኑ። ልጆቹ ውስጥ ግን እናቴ የለችም። ያንቺም ወላጅ አይኖሩበትም፣ እንዳትደነግጪ።

2. የጥምቀት ወረቀት ይዘሽ የሆላንድ ማዘጋጃ ቤት አትሂጂ። የልደት መዝገብ ለሕዝብ የሚከፈተው በ100 ዓመቱ፣ የጋብቻ በ75፣ የሞት በ50 ነው። የወንጂ ሰዎች መዝገብ አብዛኛው ገና ዝግ ነው ማለት ነው። እኔ የፈለግኩት የጋብቻውን ነበር፤ ምስክር ሆነው የሚፈርሙት ብዙ ጊዜ ወንድምና እህት ናቸውና። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ዝምድናችንን ላሳይበት የያዝኩትን የእናቴን የጥምቀት ወረቀት፣ ያውም ውጭ ጉዳይ ማኅተም ያስመታሁበትን፣ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነው፤ የመንግሥት የልደት ሰርተፍኬት አምጪ።» በአገር ደረጃ ልደት መመዝገብ የጀመርነው በእኛ 2008 ነው ብላት ማን ይስማኝ! ጭራሽ «አባትየው ካልተቀበላት በሕግ አያትሽ አይደለም» ብላ ቀጣዩን ተራ ጠራች። እናቴ ከነአፍንጫዋ ቁርጥ እሱን ናት እኮ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ካርዱን የሚሰጡት ግን ዝምድናሽን እንኳ አይጠይቁም፤ ለዚህ ነው 1 ያልኩት።

3. ዴልፈር የሚባል የድሮ ጋዜጦች ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው። «ወንጂ»ን በእነሱ ፊደል ከቤተሰቡ ስም ጋር ፈልጊ። ሆላንዶች ሰው ሲሞት ጋዜጣ ላይ ያወጣሉ፤ ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ አንዳንዴም ከተማቸውን ይዘረዝራሉ። የአክስቴን ስም ያገኘሁት እዚያ ነው። የአጎቴ ልጅ ለባለሙያ ገንዘብ እንክፈል ሲለኝ የነበረውን እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ አወጣሁት! ደግሞ ስሙ «ፋን ደር» ወይም «ደ» ካለበት መዝገብ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ባለው ስም ነው፤ ፋን ደን በርኽን በ«በ» ፈልጊው። ሴቶቹ በአባታቸው ስም ነው የተመዘገቡት፣ እንደኛው።

ስማቸውን ስታገኚ ሄደሽ በር እንዳታንኳኪ፣ ደብዳቤ ጻፊ። ገንዘብ እንደማትፈልጊ መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጪ። አክስቴ ቆይታ ነው የመለሰችው፤ ስትመልስ ግን ከፎቶ ጋር ነበር፤ ሰውዬው በቁምጣ ሸንኮራ አገዳ መሀል ቆሞ፣ ካልሲው ጉልበቱ ድረስ። ለጉዞ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስትሄጂ የኤች ቪ ኤ ማኅደር ዘ ሄግ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለልሽ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ሰነዱን ቀድመሽ በኢንተርኔት እዘዢ፤ ቦርሳና እስክሪብቶ አያስገቡም፣ እርሳስ ያዢ። መቃብሩን ለማየት ከሆነ ግን መኖሩን በስልክ አረጋግጪ። እዚያ መቃብር ኪራይ ነው፤ ውሉ አልቆ ቤተሰብ ካላሳደሰ ይነሣል። የኔ አያት ቦታ ላይ የሌላ ሰው ድንጋይ ነው ያገኘሁት፤ ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

የቤተሰቡን ስምና ወንጂ የነበረበትን ዓመት በኢንቦክስ ላኪልኝ፤ ጋዜጦቹን እኔ አይልሻለሁ።