ለልጃቸው ማደሪያ ለተጨነቁት እናት

«የ16 ዓመት ልጄ ብቻውን እንግሊዝ ገባ፤ ማን ያሳድረዋል?» ብለው ለጠየቁት እናት። አይዞዎት። እኔም አዳማ ሆኜ የታናሽ ወንድሜን ጉዳይ በስልክ ስከታተል ስለከረምኩ የማውቀውን ልንገርዎት።

ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ቤተሰብ አብሮት ከሌለ የሚረከበው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ነው። ችሮታ አይደለም፣ የሕፃናት ሕጋቸው ያስገድደዋል። ጉዳዩን የሚከታተል ሶሻል ወርከር (ማኅበራዊ ሠራተኛ) ይመደብለታል። ከ16 በታች ያሉት አብዛኞቹ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ ይገባሉ። 16 እና 17 የሆኑት ግን ብዙ ጊዜ ከእኩዮቻቸው ጋር የጋራ ቤት ይሰጣቸዋል፤ ሠራተኞችም ያግዟቸዋል። ወንድሜ በቪዲዮ ሲያሳየን አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የራሱ የበር ቁልፍ አለው። እማዬ ቁልፉን ስታይ እንባዋ መጣ።

ሩቅ ከተማ ቢልኩትም አይደንግጡ። ልጆቹ የሚገቡባቸው እንደ ኬንት ያሉ አካባቢዎች ስለሚጨናነቁ ለየካውንስሉ ያከፋፍሏቸዋል።

ትልቁ ጣጣ ዕድሜ ነው። ልጅዎ «ሚያዝያ 2001 ተወለድኩ» ቢል በእነሱ አቆጣጠር 2009 ነው። አስተርጓሚው ካላስተካከለው ባንዴ 8 ዓመት ይጨመርበታል። አዋቂ ተብሎ ከተመዘገበ ከካውንስሉ እጅ ይወጣል። ማደሪያውን ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ይይዘውና ከማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ጋር ሆቴል ሊገባ ይችላል። ልጅ እንዲህ ሲሆን ዝም ማለት አይገባም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሳጥንዎን ይፈትሹ። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ ያገኙትን ሁሉ። ከፊትም ከጀርባም አጥርተው ፎቶ ያንሱና ይላኩለት። እኔ እንዳየሁት ትናንት ከወጣ ወረቀት ይልቅ ያኔ የተጻፈ አሮጌ ካርድ ይበልጥ ይታመናል። የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ይያዝ። ዕድሜው ከተጠረጠረ ሶሻል ወርከሮች ቁጭ አድርገው ይጠይቁታል። አስተርጓሚው የሚለው ነገር ካልገባው ልጁ «አልገባኝም» ይበል፤ መብቱ ነው። ውሳኔው ከተበላሸም ቶሎ ጠበቃ ይያዝ፤ አቅም ለሌለው በመንግሥት ወጪ የሚቆም አለ። «ዕድሜህን እንዲህ በል» የሚሉ ደላሎችን ግን እባክዎ እንዳይሰማ።

18 ሲሞላውም ሜዳ ላይ አይጥሉትም። በካውንስሉ እጅ ቢያንስ 13 ሳምንት ከቆየ አማካሪ ይመደብለታል፤ ድጋፉ እስከ 25 ዓመቱ ሊቀጥል ይችላል። ቤቱ ግን ሊቀየር ይችላል፣ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ከሆነም ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ከአሁኑ ሶሻል ወርከሩን «ፓዝዌይ ፕላኔ መቼ ነው የሚዘጋጀው?» ብሎ ይጠይቅ። ፓዝዌይ ፕላን የወደፊት ዕቅዱ ነው፤ 18 ሲሞላው የት እንደሚኖር የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።