የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሎን ቼኒ ከመድረክ ወደ ድምፅ አልባ ፊልም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በደብረ ብርሃን ሲሆን የቴአትር ክበብ አባል ነኝ። አሠልጣኛችን «የተዋናይ ዋና መሣሪያው ድምፁ ነው፤ የቀረው ማጀቢያ ነው» ይሉናል። እኔ ግን የአሜሪካዊውን ተዋናይ የሎን ቼኒን ድምፅ አልባ ፊልሞች በስልኬ ማየት ከጀመርሁ ወዲህ አባባላቸው አጠራጠረኝ። ይህ ሰው ከመድረክ ወደ ፊልም እንዴት መጣ? ድምፁ ካልተሰማ የመድረክ ልምዱ ምን ጠቀመው? በፊልሞቹ ላይ ሰዎቹ እንደዚያ የሚጣደፉትስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ አጭር መልስ ያለው የመጨረሻው ጥያቄዎ ነውና ከእሱ እንጀምር። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ እየተዘወረ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ16 እስከ 20 ምስል ይቀርጽ ነበር፤ ይህንኑ ፊልም ኋላ በመጣው የ24 ምስል ፍጥነት ሲያሳዩት እርምጃው ሁሉ ሩጫ ይሆናል። ጥፋቱ በአብዛኛው የማሳያው እንጂ የተዋናዮቹ አይደለም።

ቼኒ እ.ኤ.አ. በ1883 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሲወለድ እናቱም አባቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። እናቱ ታመው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ እያስታመመ፣ በከተማው የዋለውን ወሬ በእጁ፣ በፊቱና በትከሻው እያስመሰለ ያሳያቸው ነበር። ድምፅ የማይጠቅምበትን ትወና የተማረው እንግዲህ ገና መድረክ ሳይረግጥ ነው።

በከተማው ኦፔራ ቤት ዕቃ ከማቀበል ተነሥቶ፣ ከ1902 ጀምሮ ከሚዞሩ የኮሜዲና የሙዚቃ ቡድኖች ጋር አሥር ዓመት ገደማ ተንከራተተ። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ደመወዙ ዛሬ ቢከፈል ነገ ይቀራል፤ ተዋናዩ ይደንሳል፣ ይቀልዳል፣ ፊቱንም ራሱ ተቀባብቶ በአንድ ምሽት የተለያየ ሰው ሆኖ ይወጣል። በ1913 ዘፋኝ የነበረችው ባለቤቱ በአንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ራሷን ለማጥፋት መሞከሯ ወሬው ሲናኝ የመድረኩ በር ተዘጋበትና ወደ ፊልም ሄደ፤ የሄደውም ከጥበብ ይልቅ ለእንጀራ ነበር ማለት ይቻላል። በዩኒቨርሳል ኩባንያም ለዓመታት በትናንሽ ሚና ቆየ።

ስሙ የተነሣው በ1919 «ዘ ሚራክል ማን» በተባለው ፊልም ሽባ መስሎ የሚለምን አታላይ ሆኖ ሲጫወት ነው። የተቆላለፈ እጅና እግሩን በሕዝብ ፊት አንድ በአንድ እየፈታ ቀና የሚልበት ትዕይንት፣ ፊልሙ በአብዛኛው ቢጠፋም ተርፏልና ፈልገው ይዩት፤ የዳንሰኛነቱን ዘመን በዚያ ውስጥ ያገኙታል። ሜካፑም ከመድረክ የመጣ ሙያ ነው፤ ነገር ግን የዘመኑ ፊልም ቀይ ቀለምን አጥቁሮ ያሳይ ስለነበር የመድረኩን ቅባት እንዳለ ማሻገር አይቻልም ነበር፣ እንደገና መፈተን ነበረበት። በ1929 በወጣው የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ 14ኛ እትም ስለ ሜካፕ የሚያወራውን ጽሑፍ የጻፈውም እሱ ነው።

ይሁን እንጂ ዝናው ሁሉ በሜካፑ ላይ መውደቁ በዚህ ዓምድ አስተያየት ትወናውን ጋርዶበታል። በ1925 በወጣው «ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» በተባለው ፊልም ጭምብሉ የሚገፈፍበትን ቅጽበት ሁሉም ያወራለታል፤ እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ፊቱ ተሸፍኖ ሳለ ጣቶቹ እንዴት እንደሚኮሩና እንደሚለምኑ ልብ ይበሉ።

አሠልጣኝዎም ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ቼኒ በ1930 በሠራው ብቸኛ ባለ ድምፅ ፊልሙ በአምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ተናግሮ፣ ድምፆቹ የራሱ መሆናቸውን በመሐላ ቃል አረጋግጧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በካንሰር ሲሞት ዕድሜው 47 ነበር።

ነገሩ ከአገርዎም ሩቅ አይደለም፤ የሰሜን ሸዋው ተወላጅ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በዚሁ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ነው። ደግሞስ የመንዝ ባና የደረበ ሰው ሲኮራ፣ ሲያዝን፣ ከታላቁ ፊት ሲቆም አደራረቡ ይለያይ የለምን? ክበባችሁ አንዱን ትዕይንት ባና ደርቦ ያለ ቃል ይጫወተው፤ ታሪኩን የማያውቅ ሰው አስቀምጡና ማን ማንን እንደተቀየመ ይንገራችሁ። ካልቻለ ቃለ ተውኔቱን ገና አትጨምሩ።