ስም የገነነላቸው፣ ስም የተነፈጋቸው

በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። የትኛው የሮክ ባንድ ከልኩ በላይ ተወደሰ? የትኛውስ የሚገባውን አጣ? መልሱን ያዘጋጀነው የሙዚቃ ዓምዱ ባልደረቦች ነን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ቡና ላይ ስንቀመጥ ክርክራችን ሁሌ ቢትልስ ነው። እኔ ግን ስሰማቸው ሙዚቃቸው ባዶ ይሆንብኛል። አንዳንዱ ዘፈን ላይ እንዲያውም ዘፋኙ የለም፤ ጊታርና ድራም ብቻ ነው። ሰው ስላወደሳቸው ብቻ አይደለም ወይ የምናወድሳቸው? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመፍረድህ በፊት ኢርፎንህን መርምር። ቢትልስ እስከ 1967 ገደማ ዋናውን ቅንብር ይሠሩ የነበረው በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ አይነት ድምፅ በሚያሰማበት መንገድ) ነው። ስቴሪዮው (ግራና ቀኙ የተለያየ ድምፅ የሚያሰማበት) ከሞኖው በኋላ በችኮላ ስለሚዘጋጅ፣ ለምሳሌ በ1965ቱ «ራበር ሶል» ብዙ ዘፈኖች ላይ መሣሪያው በአብዛኛው በግራ፣ የሰው ድምፅ በቀኝ ነው የተቀመጠው። የቀኝ ኢርፎንህ ከሞተ ዘፋኙን አትሰማውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልክህ ላይ «ተደራሽነት» የሚለውን ክፍል ከፍተህ «ሞኖ ኦዲዮ»ን አብራ፤ ሁለቱም ጎን በአንዱ ጆሮ ይመጣልሃል።

ሁለተኛ ብልሽትም አለ። ሁለቱም ጆሮ እየሠራ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ያህል ከራቀ ጃኩ (የኢርፎኑ መሰኪያ) እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ወይም ጃኩ ሥር ያለው የጋራ ሽቦ ተቆርጧል። እንዲህ ሲሆን የምትሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። መሐል ላይ የተቀመጠ ድምፅ ሁሉ እርስ በርሱ ይጣፋል። በአዲሶቹ ዘፈኖች ደግሞ ዘፋኙም ቤዙም የሚቀመጡት መሐል ላይ ነው።

ወደ ፍርዱ ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመት ሥራዎቻቸው ከልክ በላይ ተወድሰዋል ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው አልበም 14 ዘፈን ሲኖረው 10ሩ የተቀዳው በአንድ ቀን፣ የካቲት 11 ቀን 1963 (በፈረንጆቹ) ነው። ጉልበቱ ያስደስታል፤ ከዚያ የዘለለ ግን አይደለም። በነሐሴ 1966 የመድረክ ጉዞ ካቆሙ በኋላ የሠሩትን ግን ማንም አላጋነነውም። የሚገባውን ያላገኘው የፖል ማካርትኒ ቤዝ ነው። ከ1966 ጀምሮ ቤዙ ጊታሩን ከሥር መደገፉን ትቶ የራሱን ዜማ ይዘፍናል። ይህን ደግሞ በስልክ ስፒከር ወይም በባጃጅ ቴፕ ልትሰማው አትችልም። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር ሲመታ ወደ 41 ሄርዝ ነው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። «ባዶ ነው» ያልከው ሙዚቃ ግማሹ ጆሮህ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። በደህና ኢርፎን «ሪቮልቨር»ን (1966) ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ስማውና ከዚያ ክርክሩን ቀጥል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ውስጥ ሁለት ጊታር፣ ቤዝና ድራም ይዘን እንለማመዳለን። ኤሲ/ዲሲን ስንጫወት ጊታሩ እንደ እህል ወፍጮ ይጮኻል፤ ኮርዱ አይለይም። ዲስቶርሽኑን እስከ 10 ከፍተነዋል። ደግሞስ ዘፈናቸው ሁሉ አንድ አይነት አይደለም? (አራት ጓደኛሞች፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ችግሩ ያለው 10 ላይ ነው። ኤሲ/ዲሲ ሰዎች እንደሚያስቡት ብዙ ዲስቶርሽን አይጠቀሙም። አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ገና መሰንጠቅ ሲጀምር ነው የሚያቆሙት፤ የቀረው የእጅ ጉልበት ነው።

ለምን ይደፈርሳል? ዲስቶርሽን የድምፁን ጫፍ ቆርጦ አዳዲስ ድምፆችን ይወልዳል። ሁለት ድምፅ አብሮ ሲገባ የሁለቱ ድምርና ልዩነት ይጨመራል። ዶና ሶል ብቻ ከሆኑ ልዩነታቸው ራሱ ዶ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፤ ስለዚህ ይወፍራል እንጂ አይጣላም። ሚ ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። በጊታር ላይ ሚ ከተፈጥሯዊው ልክ በግማሽ ቃና አንድ ሰባተኛ ያህል ከፍ ስለሚል የሚወለዱት ድምፆች ከማንኛቸውም ጋር አይገጥሙም። የሰማችሁት ወፍጮ እሱ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦ ጌይን (የዲስቶርሽኑ መጠን) 3 ወይም 4፣ ቤዝ 4፣ ሚድ 6 ወይም 7፣ ትሬብል 5። ቮልዩሙን ከፍ አድርጉ። ከዚያ ሙሉ የላ ሜጀር ኮርድ በኃይል መትታችሁ ተዉት። አምስቱን ክር አንድ በአንድ መለየት ካቃታችሁ ጌይኑን በግማሽ ቁጥር እየቀነሳችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ሁለቱ ጊታሪስቶች አንድ አይነት አትምቱ፤ አንዱ ሙሉ ኮርድ ከያዘ ሌላው ሁለት ክር ብቻ ይያዝ። ከሁሉም በላይ በሁለት ምት መካከል ያለውን ዝምታ ጠብቁት። ኮርዱ እንደተመታ በመዳፍ አፍኑት፤ ድራሙ ብቻውን ይሰማ። አብዛኛው ጀማሪ ባንድ ያንን ክፍተት ለመሙላት ሲቸኩል ነው ዘፈኑ የሚሞተው።

አንድ አይነት ናቸው ላላችሁት፣ አዎ ቅርጻቸው ይመሳሰላል። ነገር ግን ሕዝቡ ያወቀው የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ የሚዘለውን አንገስ ያንግን ሲሆን ባንዱን የተሸከመው ኋላ ቆሞ ሪትም ይመታ የነበረው ወንድሙ ማልኮልም ነው። በእኛ ሚዛን ከሮክ ጊታሪስቶች ሁሉ የእሱን ያህል የሚገባውን ያጣ የለም።

ሌላም ነገር፦ ጊታር ይዛችሁ ማይኩ ከንፈራችሁን የሚነዝር ከሆነ ቀልድ አይደለም። ልምምዱን አቁሙና አምፑንና ሚክሰሩን መሬት (አርዝ) ባለው በአንድ ሶኬት ላይ ሰኳቸው፤ ንዝረቱ ካልጠፋ ኤሌክትሪሺያን ይየው።

ጥያቄ፦ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለእኛ ሕዝብ ተብሎ ለንደን ላይ በተዘጋጀው ኮንሰርት ኩዊን የሚባለው ባንድ ሁሉንም አስከነዳ ይላሉ ልጆቼ። እውነት ነው ወይስ በኋላ የተካበ? (ጡረተኛ መምህር፣ ከአራዳ)

መልስ፦ መምህር፣ ልጆችዎ አልተሳሳቱም። ላይቭ ኤይድ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌይና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ተካሄደ። ለእያንዳንዱ ባንድ የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነበር። ኩዊኖች አስቀድመው ቲያትር ቤት ተከራይተው ተለማመዱ፣ ዘፈኖቻቸውን አሳጥረው አንዱን ከሌላው ጋር ቀጣጠሉ። ያ ዝግጅት ነው የለያቸው። ሌድ ዘፔሊን በአንጻሩ ድራመራቸው ከሞተ አምስት ዓመት በኋላ፣ በቂ ልምምድ ሳያደርጉ፣ በሁለት እንግዳ ድራመሮች ነው መድረክ የወጡት። የዘፋኙ ጉሮሮ ተዘግቶ ነበር፣ ጊታሩም ከቃና ወጥቶ ነበር። በኋላ ቪዲዮው በዲቪዲ ሲታተም የእነሱ እንዲገባ አልፈቀዱም።

የእኛ ቅሬታ ሰው ሃያ ደቂቃን የባንድ ዕድሜ መለኪያ ማድረጉ ነው። ኩዊን በመድረክ የተባለለት ሁሉ ይገባዋል፤ አልበሞቹ ግን ወጣ ገባ ናቸው፤ ሦስት ድንቅ ዘፈን ካለበት አጠገብ ሦስት ተራ ዘፈን አይጠፋም። ሌድ ዘፔሊንም በዚያ ቀን ሊመዘን አይገባውም።

ጥያቄ፦ ሌድ ዘፔሊን የጥቁሮችን ብሉዝ ሰረቀ የሚባለው እውነት ነው? (ከአውቶፓርኮ)

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። የብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ስለ አንድ ታዋቂ ዘፈናቸው ከሶ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምተዋል፤ ስሙም በደራሲነት ገብቷል። የድራሙ ውበት የራሳቸው ነው፤ ግጥምና ዜማው ላይ ግን ባለቤቱን ከመጀመሪያው መጥራት ነበረባቸው።

ጥያቄ፦ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ ጊታር እጫወታለሁ። ቤተሰቦቼ ሮክ ለእኛ ጆሮ ባዕድ ነው ይላሉ። ከተረሱት ባንዶች ውስጥ ከቅኝታችን ጋር የሚቀራረብ ካለ ጠቁሙኝ፤ እንዴት እንደምለማመድም ንገሩኝ። (እህታችሁ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ እህታችን፣ መሲንቆ በሚገዘገዝባት ከተማ ይህ ጥያቄ መነሳቱ ደስ ብሎናል። ሮክ ጊታሪስቶች ሌት ተቀን የሚመላለሱባቸው አምስት ድምፆች ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ናቸው። እኛ ይህንን ባቲ ማይነር እንለዋለን። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከዶ ጀምረሽ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብትያቸው ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ። ጊታርሽ ላይ አምስተኛው ፍሬት ላይ እጅሽን አሳርፊና ከወፍራሙ ክር ጀምረሽ 5 እና 8፣ 5 እና 7፣ 5 እና 7፣ 5 እና 7፣ 5 እና 8፣ 5 እና 8 ተጫወቺ፤ ሁለቱም እዚያው ናቸው። ልዩነቱ ማረፊያው ላይ ነው፤ ላ ላይ ስታርፊ ባቲ፣ ዶ ላይ ስታርፊ ትዝታ። ቤተሰቦችሽን ለማሳመን ዲስቶርሽኑን አጥፍተሽ አንድ የሮክ ሶሎ በዝግታ ተጫወቺላቸው።

አምባሰል ደግሞ ለከባድ ሮክ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፦ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። ሚ ልቅ ሆኖ የሚመታው ወፍራም ክርሽ ነው፤ ከእሱ ወደ ፋ የምትወጪው ግማሽ ቃና ያ የሄቪ ሜታል ጨለማ ነው። ሁለት ክር ብቻ የሚያዝበት ፓወር ኮርድ ሚ፣ ፋ እና ላ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ሲ ላይ ግን ፋ ዲየዝን (በግማሽ ቃና ከፍ ያለውን ፋ)፣ ዶ ላይ ደግሞ ሶልን ያስገባብሻል፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ነጠላ ድምፅ ብቻ ምቺ።

ከተረሱት ባንዶች የምንጠቁምሽ ቲን ሊዚን ነው። የደብሊን ባንድ ነው፤ ፊል ላይኖት ቤዝ እየመታ ይዘፍናል፤ ሁለት ጊታሪስቶች አንድ ዜማ በሁለት ከፍታ እኩል ይጫወታሉ። በ«ጄልብሬክ» (1976) ጀምሪ። ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ዘፈናቸውን ብቻ ነው፤ በኋላ የመጡ የሜታል ባንዶች ግን ይህን ጥንድ ጊታር ወርሰው ገነኑበት።

አሠራሩን ወደ ትዝታ ስታመጪው ተጠንቀቂ። እነሱ በሰባት ድምፅ ስኬል ነው የሚያጣምሩት፤ ሁለተኛው ጊታር ሦስተኛውን ድምፅ ይይዛል። ያንን እንዳለ ብትገለብጪው ፋና ሲ ይገቡና ትዝታው ይፈርሳል። ይልቅ ከአምስቱ ውስጥ አንዷን እየዘለልሽ አጣምሪ፦ ዶ ከሚ፣ ሬ ከሶል፣ ሚ ከላ፣ ሶል ከላይኛው ዶ፣ ላ ከላይኛው ሬ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም አራተኛ ርቀት ይሆናሉ፤ ድምፁ ትንሽ ደረቅ ነው፣ ግን የእኛ ነው። መጀመሪያ ዜማውን ቅጂና ሁለተኛውን ድምፅ በላዩ ላይ ተለማመጂ። ክር የምትስቢ ከሆነ ሁለቱም ላይ እኩል ሳቢ፤ አንዱ ስቦ ሌላው ካልሳበ የተበላሸ ይመስላል።

ዞምቢስንም አትለፊያቸው። ምርጥ አልበማቸውን በ1967 ቀድተው ሳይወጣ ተበተኑ። በ1969 አንዱ ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ ሲፈነዳ መድረክ ላይ የሚወጣ ባንድ አልነበረም። የተረሱት ሙዚቃቸው አንሶ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፈረንጆቹን ተዉና ስለ እኛዎቹ ንገሩን። ዋልያስ የሚወደሰውን ያህል ነው? ጃኖስ? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ዋልያስ በ1977 ያሳተሙት የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ዛሬም ዓለም ይሰማዋል፤ ይገባዋልም። ስማቸው ከሌሎቹ ይልቅ የገነነበት አንዱ ምክንያት ግን አልበሙ ያለ ዘፋኝ በራሳቸው ስም መውጣቱ ነው። በ1981 አሜሪካ ሄደው ከፊሉ እዚያው መቅረቱም ውጭ ያለው አድማጭ እንዲያውቃቸው ረድቷል።

አይቤክስ (በኋላ ሮሃ ባንድ) በአብዛኛው የተሰማው ከዘፋኝ ኋላ ሆኖ ነው። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 ሲቀዳ የሚያጅበው አይቤክስ ነው፤ ያ ሥራ በ1986 ብራስልስ ላይ ታትሞ አውሮፓ ሲደርስም ሽፋኑ ላይ የጎላው የማህሙድ ስም ነበር። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝና የሰላም ስዩምን ጊታር የማያውቅ ጆሮ የለም፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል የምንመርጠው አይቤክስን ነው። ቤዙ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ዘፋኙ እንዳሻው እንዲንሳፈፍ ቦታ የሚለቅበት ብልሃት በሌላ ባንድ አልሰማንም።

ጃኖ ሮክን ከቅኝታችን ጋር በግልጽ ያጋባ ባንድ ነው። «ኤርታሌ» በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ወጣ። ብዙ ሰው «ጩኸት ነው» ብሎ ያለፈው በስልክ ስለሰማው ይመስለናል፤ ብዙ ድምፃዊና የተጫነ ጊታር በትንሽ ስፒከር አንድ ላይ ይድበሰበሳል። በትልቅ ስፒከር፣ ቮልዩሙን መካከለኛ አድርጋችሁ፣ የመጀመሪያውን ዙር ድራሙን ብቻ፣ ሁለተኛውን ዙር ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ከሌላ ባንድ ጋር ካወዳደራችሁት ደግሞ የሁለቱን ከፍታ አስተካክሉ፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀዳ ዘፈን ምንጊዜም የተሻለ ይመስላል፤ የ60ዎቹን ቅጂ ከ2012ቱ ጋር በአንድ ቮልዩም ብታጫውቱ የድሮው ሳይገባው ይሸነፋል።