የጃክ ካርዲፍ ዘጋቢ ፊልም፦ አዎ፣ እየው

ወንድሜ፣ «ፒያሳ ሰርግ እቀርጻለሁ፤ የጃክ ካርዲፍ ዘጋቢ ፊልም ይጠቅመኛል?» ብለሃል። በጣም እንጂ! ካርዲፍ እንግሊዛዊ የፊልም ካሜራ ባለሙያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ተወልዶ በ2009 አረፈ። ስለ እሱ የሚናገረው የክሬግ ማኮል ዘጋቢ ፊልም በ2010 ወጣ። በፊልሙ ውስጥ አዛውንቱ ራሱ ሥራውን ያስረዳሃል።

እኔን የያዘኝ እሱ የቀረጸው የ1947ቱ ፊልም፣ የ«ብላክ ናርሲሰስ» ነገር ነው። ታሪኩ ሂማልያ ላይ ነው። የተቀረጸው ግን እንግሊዝ አገር፣ በአብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ! ያ ሁሉ ተራራ መስታወት ላይ በተሳለ ሥዕልና በትልልቅ ፎቶዎች የተሠራ ነው። መብራቱን ደግሞ እንደ ቬርሜር ካሉ የድሮ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥዕሎች ነው የተማረው። ለዚህ ሥራ ኦስካር ወሰደ። በ2001 የክብር ኦስካርም ተጨመረለት።

እኛ ሰርግ ላይ መብራቱን ፊት ለፊት እንደቅናለን። የሙሽራዋ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ካርዲፍ ግን ጥላን አይፈራም ነበር። ፊልሙን ካየህ በኋላ ማለዳ አራዳ ጊዮርጊስ ሂድ። ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ ነጠላ የለበሱትን እናቶች ልብ በል፤ ግማሹ ፊት ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ። ካሜራህን አታውጣ። ዝም ብለህ እይ።