መልስ፦ የአዛውንቶችን ቅጂ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ማዳረስ

ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ከአዛውንቶች የቀረጹትን ድምፅ ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤትዎ እንዴት እንደሚያዳርሱ ጠይቀዋል፤ ለዚህ ትምህርታዊ ይዘትን ያለ ኢንተርኔት ለመክፈት የሚያስችለውን ኮሊብሪ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ይጠቀሙ።

ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ሆነው በኮሊብሪ ስቱዲዮ (የኮሊብሪ ይዘት በሚዘጋጅበት ድረ ገጽ) የራስዎን ቻናል፣ ማለትም የይዘት ስብስብ፣ ይክፈቱ፤ ድምፁን በኤምፒ3፣ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ይጫኑና ቻናሉን ላፕቶፕዎ ላይ ካወረዱ በኋላ በፍላሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያሻግሩት። ተማሪዎችም ከዚያው ኮምፒውተር ጋር በተገናኘ የዋይፋይ ራውተር አማካይነት፣ ያለ ዳታ፣ በስልካቸው ይከፍቱታል። እያንዳንዱን ቅጂ በአንድ ዕፅ ይወስኑት፤ ከረጅም ቅጂ ውስጥ ዳማከሴን ብቻ ፈልጎ ማግኘት ያሰለቻል።

ካየሁት ተነሥቼ አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ ለመቀረጽ የፈቀዱ አዛውንት ሁሉ ለመሰራጨት ፈቅደዋል ማለት አይደለም። ስለ ተክሉ በደስታ የሚያስረዱ ሰው የመድኃኒቱ አቀማመም ላይ ሲደርሱ «ይህ ለልጄ ብቻ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ማን እንዲሰማው እንደሚፈቅዱ አስቀድመው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም በድምፃቸው ያስቀሩት። አዋጅ ቁጥር 482/1998ም ማኅበረሰቡ በእውቀቱ ላይ ያለውን መብት ይደነግጋል።