ታስሮ የወጣ ሰው መምረጥ ይችላል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በስርቆት ተፈርዶበት 3 ዓመት ታስሮ ወጣ። ለመራጭነት ሊመዘገብ ሲሄድ መዝጋቢው «ወንጀለኛ አይመርጥም» ብሎ መለሰው። ሕጉ እንዲህ ይላል? ለመሆኑስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የወንድምዎን የፍርድ ግልባጭ ያውጡና የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡ። «ትዕዛዝ» ከሚለው ሥር፣ ከእስራቱ ሌላ ከመምረጥ መብቱ መሻሩ ተጽፏል? ተጽፎ ከሆነ ለስንት ጊዜ? ካልተጻፈ ደግሞ የምርጫ ሕጉን ይመልከቱ። ፍርዱ ዝም ቢልም ሕጉ ራሱ የሚያግድባቸው አገሮች አሉ። ሁለቱም ጋ ከሌለ የመዝጋቢው ቃል ሕግ አይደለም።

አሠራሩ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። በአሜሪካ፣ በሜይንና በቨርሞንት ግዛቶች እስረኛው እዚያው እስር ቤት ሆኖ ይመርጣል። በፍሎሪዳ ግን ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2018 ቅጣታቸውን ለጨረሱ ብዙዎች መብቱን ቢመልስላቸውም፣ በዓመቱ የወጣ ሕግ የፍርድ ቤት መቀጮና ክፍያ ያልጨረሰውን አስቀረ። ገንዘብ ያለው ይመርጣል፣ የሌለው ይቀራል ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ተገቢ ነው ወይ ላሉት፣ በእኔ እምነት አይደለም። የተሰረቀበት ሰው «ሕግ የጣሰ እንዴት ሕግ አውጪ ይመርጣል?» ቢል አልፈርድበትም። ግን ዳኛው ከወንድምዎ የወሰደው 3 ዓመት ነው፤ ዜግነቱን አልወሰደም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 እስረኞች እንዲመርጡ ሲወስን፣ ዳኛ አልቢ ሳክስ ድምፅ የክብርና የሰውነት ምልክት መሆኑን፣ ሁሉም ሰው እንደሚቆጠር የሚናገር መሆኑን ጽፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1996 ያለው ግልጽ ነው፤ እገዳ ካለ ከወንጀሉና ከቅጣቱ ጋር ይመጣጠን፣ ታስሮ ገና ያልተፈረደበት ሰው ደግሞ አይታገድ። ድምፅ ያጭበረበረ ወይም ኮሮጆ የሰረቀ ለተወሰነ ጊዜ ቢታገድ ይገባኛል። ለሌላው ግን ምክንያቱ አይታየኝም።

አሁን የሚያደርጉት ይኼ ነው። ግልባጩንና የተፈታበትን ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁ ተመለሱ። እንደገና እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቅሬታውን ደግሞ ምዝገባው ሳይዘጋ አስገቡ፤ የምርጫ ቅሬታ ቀነ ገደቡ አጭር ነው፣ አንድ ቀን ካለፈ ጥሩ ክርክርም አያድንም።