«እንደ እናንተ ያድርገን» ይሉናል፤ ቤታችን ግን ሌላ ነው

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በተክሊል ከተጋባን 11 ዓመት ሆነን። ባለቤቴ በአጥቢያችን የተከበረ፣ በጉባኤ የሚያስተምር ሰው ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላዬን አስተካክሎ ያለብሰኛል፤ ሰው አይቶ «እንደ እናንተ ያድርገን» ይለናል። የቤታችን በር ሲዘጋ ግን ያ ሰው አብሮኝ አይገባም። ከዐቢይ ጾም ወዲህ በአንድ መሶብ ቀርበን አናውቅም። የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ነው፤ «የቤት ኪራዩ ተከፍሎ እንደሆነ አባትሽን ጠይቂው» እላታለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ እጁን አንሥቶብኛል። አሁን ደግሞ ለጋብቻ በሚዘጋጁ ወጣቶች ፊት ቆመን የትዳር ተሞክሯችንን እንድናካፍል ተጠይቀን፣ እርሱ እሺ ብሏል። ብናገር ገበናዬን አወጣሁ፣ ዝም ብል ዋሸሁ። የንስሐ አባታችን የእርሱ የቅርብ ወዳጅ ናቸው። ምን ላድርግ? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በሁለተኛው ያስቆመኝ የኪራዩ ነገር ነው። ባልና ሚስት በልጅ አፍ መነጋገር ከጀመሩ፣ እናንተ ከምእመናን የደበቃችሁትን ያቺ ልጅ ተሸክማ ከክፍል ክፍል ትመላለሳለች ማለት ነው። ምስጢሩ ገና ድሮ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ሊሸከመው ወደማይችል ሰው ነው።

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ይህን ስል ከውጭ ቆሜ አይደለም። አንድ እሑድ ስለ ትዕግሥት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሬ፣ ቤቴ ገብቼ በቀዘቀዘ ሽሮ ባለቤቴን ተቆጣሁ። ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ «አባዬ፣ ዛሬ ያስተማርኸው ስለ ምን ነበር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። አስተማሪ ሁሉ ይህ አደጋ አለበት፤ አደባባይ ላይ ያጌጠው ቃሉ ቤቱን ያደሰለት ይመስለዋል።

ወደ ገበና ልመለስ፤ ያስጨነቀሽ እርሱ ነውና። በእኛ ዘንድ ገበናን መሸፈን ክብር ነው፤ መሠረቱም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ኖኅ ሰክሮ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው አድርገው፣ የኋሊት ሄደው ሸፈኑት (ዘፍ. 9)። የሸፈኑት ግን ማንን እንደሆነ ልብ በይ፦ ወድቆ የተኛን፣ ራሱን መሸፈን ያልቻለን ሰው ነው። በማግሥቱም ወጥተው «አባታችን ወይን ቀምሶ አያውቅም» ብለው አልመሰከሩም። የወደቀን መሸፈን ሌላ፣ ያልሆነውን ሆኗል ብሎ መመስከር ሌላ ነው። አንቺ እስከ ዛሬ ስታደርጊ የቆየሽው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው፤ አሁን የተጋበዝሽው ወደ ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ምን እንደሚመስል በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ተጽፏል። ሐናንያና ሰጲራ መሬት ሸጡ፤ ከዋጋው ከፊሉን ባልየው አስቀረ፣ ሚስቱም ታውቅ ነበር። ማስቀረታቸው አልነበረም ኃጢአቱ። ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?» በሚል አሳብ ገሥጾታል። ሁሉንም የሰጡ መስለው ለመታየት መፈለጋቸው ነው የገደላቸው። ስለዚህ ታሪክ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ ሰጲራ የሆነውን ሳታውቅ ስትገባ፣ ጴጥሮስ ለብቻዋ ጠየቃት። ባልሽ እንዲህ ብሏል፣ አንቺም እንደዚያው ነሽ ብሎ አልደመደመባትም። እውነቱን የምትናገርበት የራሷ ጊዜ ተሰጣት። አንድ ሥጋ መሆን ባል በዋሸው ውሸት ሚስትን አያስርም።

እግረ መንገዴን ለምእመናንም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን አንብቦ የሰው ጓዳ ለመጠርጠር የሚነሣ አይጠፋምና። መጋቢት 12 ቀን በስንክሳር፣ በቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ የሚነበበውን አስታውሱ። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን የደረሰልን የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስ ሚስት ስለነበረችው ሕዝቡ አጉረመረመበት። እርሱና ልዕልተ ወይን ግን 48 ዓመት በአንድ ቤት በድንግልና ኖረው ምስጢራቸውን ለሰው አልነገሩም። መልአኩ ግለጥ ባለው ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ እሳት አስነድዶ ፍም በልብሱ ታቀፈ፣ በእርሷም ልብስ አደረገላት፤ አላቃጠላቸውም። ከውጭ ክፉ የመሰለው ቤት ውስጡ ቅድስና ነበረ። ስለዚህ ፎቶግራፍ አይተን «ምስጉን ትዳር» ማለታችንም ሆነ «ማን ያውቃል ውስጡን» ማለታችን ሁለቱም ግምት ነው።

እጁን ስለማንሣቱ አጭር እሆናለሁ። ይህ ገበና አይባልም። «ቻይው፣ የትዳር ነገር ነው» የሚሉ መካሪዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ሚስት ባሏን የምትንቀጠቀጥለት ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ በዛቻ የሚያዝ አገልጋይ እንኳ ጥሎ እንደሚሄድ ያስታውሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል። ከተደገመ ልጅሽን ይዘሽ ከምታምኛቸው ዘመዶች ዘንድ ሂጂ፤ ሽምግልናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለሕግ ብታመለክቺም ከቤተ ክርስቲያን አልተጣላሽም።

የቀረው ሥርዓት አለው። ጌታ በማቴዎስ 18 ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ግልጥ ነው፦ አስቀድሞ ለብቻው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። ፊት ለፊት መነጋገሩ የማያስፈራሽ ከሆነ፣ ልጅቱ በሌለችበት፣ ወቀሳውን ሳትደረድሪ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፦ በልጃችን በኩል መነጋገር ይብቃን። ቃሉ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ጽፈሽ ስጪው። ካልሰማ ወይም የሚያስፈራሽ ከሆነ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችሁ ለብቻሽ ሂጂ። የእርሱ ወዳጅ መሆናቸው የኑዛዜን ምስጢር አይፈታውም፤ ከአንቺ የሰሙትን ለእርሱ ሊያወሩ አይችሉም። አፍ አፍሽን ብለው ከመለሱሽ ግን ሌላ አስተዋይ ካህን ማማከር ክህደት አይደለም። ለጎረቤትና ለጓደኛ ከማውራት ተቆጠቢ፤ ያኛው በእርግጥም ገበና ማውጣት ይሆናል።

ቁርባንን በተመለከተ፣ የእርሱ ኃጢአት አንቺን ከመሠዊያው አይከለክልሽም። ሐዋርያው «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ብሏል (ሮሜ 12፥18)። በእናንተ በኩል ማለቱ ሌላው እምቢ ሊል እንደሚችል ስላወቀ ነው። የሚመረመረው የአንቺ ልብ ነው፦ ቂም ይዣለሁ? አደባባይ ላይ ቢዋረድ ደስ ይለኛል? ይህን ለካህኑ ተናዘዢ፤ ቀኑን እርሳቸው ይወስኑልሻል። ባልሽ ይህን የሚያነብ ከሆነ ደግሞ፣ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ቅዱስ ጴጥሮስ የጻፈውን (1ኛ ጴጥ. 3፥7) ለጉባኤ ከማስተማሩ በፊት ለራሱ ያንብበው።

የወጣቶቹን ግብዣ አትቀበዪ። «ለዚህ ጊዜ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልችልም» ማለት ይበቃል፤ ምክንያት ቢጠይቁሽ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። እርሱን አስቀድመሽ «እኔ አልቆምም» በይው፤ በዕለቱ በሰው ፊት አይስማው። ብቻውን ሊቆም ቢመርጥ ያ የእርሱ ጉዳይ ነው። ለልጅሽ ግን ዛሬ ማታ ስለ ኪራዩ እንዳትጠይቅ ንገሪያት።